የዳነው ሸክላ

እሰይ፣ ዛሬስ ፀሐይ ወጣች። ትናንት ከፓራና ወንዝ የሚነፍሰው ንፋስ ጉልበቴን ሲጠዘጥዘኝ ነው የዋለው እልሻለሁ። ጠጋ በይልኝ እስቲ ኤርሲሊያዬ፣ ያንን የዘፈን ሸክላ ሳጥን ገፋ አድርጊውና ወንበሬን ላስገባ። አይ አይ፣ አትነሺ፣ አንቺ ገበያሽን ጠብቂ። እኔ እንደሆነ እሑድ እሑድ እዚህ አደባባይ መጥቼ ካንቺ ጎን ካልተቀመጥኩ ሳምንቱ ያለቀ አይመስለኝም። ፔርሙሴን ይዣለሁ፣ የማቴ ሻይ ቅጠሌን ይዣለሁ፣ መጠጫ ቅሏንም ይዣለሁ። የመጀመሪያውን እንደ ደንቡ እኔው ጠጥቼልሻለሁ፤ እንቺ፣ ይሄ ያንቺ ነው። … ትኩስ ነው አይደል? ለወዳጅማ ትኩሱን ነው።

የእሑድ ፓስታሽ፣ ራቪዮሊው፣ እንዴት ወጣልሽ? ምራትሽ ዛሬም ውስጡ አይቡን አበዛችው? እሷ ልጅ እኮ እጇ ለጋስ ነው፣ ምን ታድርግ። የኔ እህት ልጅ ብትሆን አንዱን ራቪዮሊ ለሁለት ትከፍለው ነበር። … ገበያውስ? የዚያ ባንድ፣ የፉርጎዎቹ፣ ሸክላ ይጠየቃል? እኔን እኮ ይገርመኛል። ያኔ ጠጉራቸውን እስከ ትከሻቸው ለቀው ጊታር ሲያስጮኹ እናቴ "እነዚህ እብዶች ዓመትም አይቆዩ" ትል ነበር። ይኸው እሷም ሄደች፣ ከበሮ መቺውም ሄደ፣ "የመጨረሻው ፉርጎ" ግን ዛሬም ሮዛሪዮ ውስጥ ስሙ ሲነሳ ሽማግሌው ሁሉ ጉልበቱን ረስቶ ብድግ ይላል። ስድስት አልበም ብቻ አውጥተው ለሃምሳ ዓመት አጣሉን! አንዱ የመጀመሪያው ነው ይላል፣ ጥሬ ስለሆነ። አንዱ አምስተኛውን ይላል፣ ያንን ባለ ሁለት ሸክላ ድርቡን። ጥሩ ነው እሱም፣ ምን ወጣው፤ እኔ ራቪዮሊ ጥጄ፣ ፈልቶ፣ አጥልዬ፣ የዘፈኑ መግቢያ ገና አያልቅም። የኔ አኒባል ግን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሦስተኛውን፣ ሽፋኑ ላይ ፈረስ ያለበትን፣ ክፉ ከተናገረ ሰው ጋር ካንድ ቅል አይጠጣም ነበር።

ቅዳሜ ዓመቱ ነው እንግዲህ። … አዎ፣ ዓመት ሞላው። እኔም አላመንኩም።

ተሳፋሪዎቹ፣ እኛ የፉርጎዎቹ ወዳጆች፣ ሁሉ ይመጣሉ፣ ክበቡ ውስጥ፣ ብረት ኳስ ከሚጫወቱበት ሜዳ ጎን ያለችው ክፍል። የተሳፋሪዎችን ደንብ መቼም አንቺ ራስሽ ታውቂዋለሽ፤ ባልሽ ሲሞት እኮ ያንቺንም አድርገናል። ሰው በሞተ በዓመቱ የሚወደው አልበም ከራሱ ሸክላ ይሰማል። ከሌላ ሰው ሸክላ አይሆንም። ከራሱ፣ ከነአቧራው፣ ከነጭረቱ። እኔ ይሄን ደንብ እወደዋለሁ። አበባ ይዞ መቃብር ከመሄድ ይሻለኛል፤ መቃብሩ ጋ ስሄድ አኒባል የለም፣ ያ ሸክላ ሲዞር ግን አለ።

ያ ቦታ ትዝ ይልሻል? ሁለተኛው ገጽ፣ ሦስተኛው ዘፈን፣ ጊታሩ መውጣት ሲጀምር ይዘል የለ? ድብን አድርጎ ይዘልና ዘፋኙ ቃሉን ከመሃል ይጀምር የለ? ያኔ ክፍሉ ሙሉ ባንድ ላይ እግሩን ድም! ያደርግ የለ? ስንት ዓመት አብረን ረገጥን! ውጭ ኳስ የሚወረውሩት ሳይቀሩ "የአኒባል ሸክላ ዘለለ" እያሉ ይስቁ ነበር። አንድ ቀን እንዲያውም አንዱ ደንግጦ ኳሱን እግሩ ላይ ጣለና በእኛ አመካኘ።

እና ያ ጭረት የማን ሥራ እንደሆነ ነግሬሽ አውቃለሁ? የኔ ዳሌ ነው! ምን ያስቅሻል? እውነቴን ነው። ሳንጋባ በፊት፣ እናቱ ቤት መመገቢያ ክፍሉ ውስጥ፣ ሸክላውን ገና ያን ሳምንት ገዝቶት፣ ና እንጨፍር አልኩት። አኒባል መቼም ሲጨፍር ቁም ሳጥን የሚገፋ ነው የሚመስለው። አሽከረከረኝ፣ ዳሌዬ ሄዶ ጠረጴዛውን ገጨው፣ መርፌው ክርርር አለ። ሊያለቅስ ደረሰ። እኔ ደግሞ በቃ፣ አለቀልኝ፣ ይሄ ሰው አያገባኝም ብዬ ቆሜያለሁ። መርፌውን አነሳ፣ ሸክላውን በፀሐይ አየው፣ አየው፣ ከዚያ "እንግዲህ ይሄን ከሌላ ሴት ጋር መስማት አልችልም" አለኝ። እንደዚያ ነው የተጠየቅኩት። ቀለበቱ ኋላ ነው የመጣው፤ እሱም ሰፍቶኝ ነበር።

እንቺ፣ ሌላ ልቅዳልሽ። …

ብቻ ቅዳሜ አይዘልም። …

ሸክላው ነዋ! አይዘልም። ድኗል። ምነው ክው አልሽ? ሸክላ አይድንም ያለሽ ማነው? እኔም አይድንም ባይ ነበርኩ። በዚህ ዕድሜዬ ተማርኩ። ሐኪም ካገኘ ይድናል ኤርሲሊያዬ፤ እጅ ያለው ሐኪም ካገኘ።

ማን እንደሆኑማ አልነግርሽም። ኧረ አልነግርሽም፣ እሳቸው መመስገን አይወዱም። ዝም ብለው በጓዳ መልካም የሚሠሩ ሰው ናቸው። ብቻ አንድ የተከበሩ ሰው አሉ በይው። … አትዙሪ! ለምን ትዞሪያለሽ? እዚህ ያለ ሰው ነው አልኩሽ? እዚያ ጋ ሳጥን የሚያገላብጡት ሰውዬ ምን አደረጉ? እሳቸው የራሳቸውን ሸክላ ይፈልጉ፣ እኛ የራሳችንን ወሬ እናውራ።

እኚህ ሰው እውቀታቸው ይሄ ነው አይባልም። እኔና አንቺ ሸክላ በጆሯችን ነው የምንሰማው፣ ምን እናድርግ፣ አልተማርንም። እሳቸው በሚዛን ነው። እውነቴን ነው፤ የሽንኩርት ሚዛን የምታህል አለቻቸው፣ ኡራጓይ የታተመውን ሸክላና እዚህ አገራችን የታተመውን ይመዝኑና የቱ እንደሚበልጥ ይነግሩሻል። ሽፋኑን ደግሞ ያሸቱታል፣ ሐብሐብ እንደሚመርጥ ሰው። ነጭ ጓንት ያደርጋሉ። የሁሉም አልበም ሦስት ሦስት አላቸው፤ አንዱ ለማሳየት፣ አንዱ ለማወዳደር፣ አንዱ ከነላስቲኩ፣ ማንም ሳይከፍተው የሚቀመጥ። ለመስማት የሚሆን አራተኛ ነበር እንግዲህ የጎደላቸው። ባለቤታቸው፣ ያቺ መልአክ፣ ያንን ክፍል አቧራ ልታራግፍ እንኳ አትገባም። ሠርጋቸው ላይ እንኳን አልጨፈሩም ይባላል። ጨዋ ሰው እንዲህ ነው። መርፌ የሚያስደነግጥ ነገር አይሠራም።

ሐዘን ላይ ደግሞ! እሳቸውን የመሰለ ሐዘንተኛ እኔ አላየሁም። አኒባል ሲሞት መጀመሪያ የደረሱት እሳቸው ናቸው። የገዛ ወንድሜ ሳይደርስ፣ የቀብር ሰዎቹ ሳይደርሱ። በሩን ስከፍት አቀፉኝ፣ አንገታቸውን ወደ ጎን ዘንበል አድርገው፣ እንዲህ፣ ጆሯቸው ትከሻቸውን ሊነካ እስኪደርስ። ረጅም ጊዜ አቀፉኝ። እኔ አፈር ልሁን፣ በውስጤ "አኒባልን እንዲህ ይወዱት ነበር ለካ" አልኩ። አንገታቸው ቀስ እያለ ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል፣ እኔ ማልቀሳቸው ነው እላለሁ።

ኋላ ነው ትዝ ያለኝ፣ ከኔ ትከሻ በስተጀርባ የአኒባል የሸክላ መደርደሪያ ነው። … አንቺ ነጋዴ ነሽ፣ ታውቂዋለሽ፣ የሸክላ ጀርባ ላይ ያለው ጽሑፍ አንገት ሳይዘነብል አይነበብም። ግን ምን አለበት? ሰው እያለቀሰ ማንበብ አይችልም? የተማረ ሰው ይችላል።

ከዚያ ወር እንኳ ሳይሞላ መጡ። ጣፋጭ ዳቦ ይዘው፣ ያንን ጨረቃ የመሰለውን፣ ቅቤው ወረቀቱን ያራሰው። ሦስተኛውን አልበም አውሺኝ አሉኝ፣ ለማወዳደር ነው፣ ለሳምንት ብቻ። የኡራጓዩ ላይ ከበሮው ይቀርባል አይቀርብም የሚል ክርክር ነበር ከአንድ ሰው ጋር። እኔ ብቻዬን ቤት ውስጥ ተቀምጬ ከግድግዳ ጋር ነው የማወራው፣ ሰው አንኳኩቶ ስለ አኒባል ሸክላ ሲጠይቀኝ ደስ አለኝ እንጂ ምን እላለሁ? በሁለት እጄ ሰጠኋቸው። ጓንታቸውን ከኪሳቸው አወጡ። … ከቤታቸው ይዘውት መጥተዋል፣ አስቢው፣ ምን ያህል ጥንቁቅ እንደሆኑ።

ሳምንቱ ትንሽ ረዘመ። ቅጠሉ ረግፎ ብርዱ ገባ። እኔ አልጠየቅኩም፤ ማወዳደር ጊዜ ይወስዳል። ብቻ አንድ ቀን አዲስ ላስቲክ አልብሰው መለሱት። ሽፋኑ ያው የኛው ነው፤ ፈረሱ ጆሮ ላይ አኒባል ማቴ ያፈሰሰበት ቡኒ ቦታ ሳይቀር አለ። ሸክላውን ስሜ፣ አመሰገንኩ። በማግስቱ ሽንኩርት እየከተፍኩ አስነሳሁት። ሁለተኛው ገጽ፣ ሦስተኛው ዘፈን፣ ጊታሩ ወጣ፣ እኔ ቢላውን እንደያዝኩ እግሬን አነሳሁና ድም! አደረግኩ።

ብቻዬን ረገጥኩ ኤርሲሊያ። ሸክላው አለፈ። ቅቤ እንደተቀባ ሹልክ ብሎ አለፈ። በሕይወቴ ሰምቼው የማላውቀው የጊታር ቁራጭ ተጫወተ። እሱን ልንገርሽ፣ ይሄን ሁሉ ዓመት ምን አምልጦኝ ይሆን ስል ነበር፤ ምንም አላመለጠኝም፣ ቲሪሪም ነው የሚለው።

መጀመሪያ ተአምር መሰለኝ፣ አትሳቂብኝ። እውነት፣ ለቄሱ ልነግራቸው ኮቴን ለብሼ ነበር። ከዚያ ሸክላውን አነሳሁና መሃሉ ላይ ያለውን ወረቀት አየሁት። ታስታውሺያለሽ፣ መጀመሪያ የታተመው ላይ ፋብሪካው ተሳስቶ የአንዱን ገጽ ወረቀት በሌላው ላይ ለጥፎት ነበር? ቶሎ ብለው አረሙት፤ ለዚህ እኮ ነው እናንተ ነጋዴዎች የተሳሳተውን ስታዩ ዋጋውን ሰማይ የምትሰቅሉት። የኛው የተሳሳተው ነበር። አኒባል ሁሌ ገልብጦ ያስነሳና "ውሸታም!" እያለ ይሰድበው ነበር። አሁን ግን አንደኛው ገጽ አንደኛ፣ ሁለተኛው ሁለተኛ ነው። ይኸውልሽ፣ ሐኪሙ ጭረቱን ማዳን ብቻ አይደለም፣ ንስሐም አስገብተውታል። መዋሸት ትቷል!

ይሄን የሚያህል ደግ ሰው የት ይገኛል? እኔ አሮጌ፣ የተጫረ፣ የሚዋሽ ሸክላ ሰጠሁ፤ እሳቸው ወጣት፣ ጤነኛ፣ እውነተኛ መለሱልኝ። ምን ቀረኝ? ሌላ ሴት ብትሆን ትስማቸው ነበር። ግን አየሽ፣ እኔ አመለኛ ነኝ። ልክ የአኒባልን ሙሉ ልብስ ያለበሱት ሌላ ሰው ደጄ ላይ እንዳቆሙብኝ ነው የሆነብኝ። ቆንጆ ነው፣ አያስልም፣ አያኮርፍም፣ አይዘልም። ካፖርቱ ላይ ያለው የማቴ ጠብታ ያው ነው። አንገቱ ላይ ያለው ፊት ግን የማላውቀው ሰው ነው። ምን ላርገው? ግባ ልበለው?

አልቅሻለሁ፣ አልደብቅሽም። በቀብሩ ቀን ያላለቀስኩትን ያን ቀን አለቀስኩት። የኔን ዳሌ እኮ ነው የወሰዱ… ያዳኑት። አሁን ይሄን ዳሌ እይው፤ ዛሬ ጠረጴዛ ቢገጭ የሚሰበረው እሱ ነው። ያንን ጭረት መልሼ የማበጀው በምኔ ነው? የሚያስረግጠኝ ባልስ ከየት ይመጣል?

ምን ወደቀ? … ያ ሳጥን ነው? አይዞዎት ጌታዬ! የተሰበረ የለም አይደል? ኤርሲሊያ፣ ተያቸው፣ ራሳቸው ያነሱታል፣ ጓንት አላቸው። ፊታቸው ቀላ? ፀሐዩ ነው፤ የዚህ ወር ፀሐይ ሳይታሰብ ነው የሚያቃጥለው። ደክሟቸው ይሆናል፣ ቅሏን አቀብያቸው እስቲ። ቆይ፣ ቆይ፣ ውሃ ልጨምርበት። … ቀዘቀዘ ትያለሽ? ቅጠሉም ጣዕሙ አልቆ ይሆናል፣ ስንቴ ቀዳሁበት። ግድ የለም፣ ስጫቸው፣ እሳቸው የተለወጠ ነገር የማያስቀይማቸው ሰው ይመስላሉ።

ምን እያልኩሽ ነበር? … አዎ፣ ቅዳሜ። የኔ ጭንቀት ቅዳሜ ነው። ክፍሉ ይሞላል። ሽማግሌዎቹ ሁሉ እግራቸውን አዘጋጅተው ይቀመጣሉ። ከተማ ለቆ የሄደው ሳይቀር አውቶቡስ ተሳፍሮ የሚመጣው ለዚያች አንዲት ድምታ ነው፤ ለአኒባል። ቦታው ሲደርስ ሁሉም ድም! ያደርጋል፣ ሸክላው ደግሞ ዝም ብሎ ያልፋል። አስቢው። ያ ሁሉ ሰው እግሩን መሬት ላይ አድርጎ እርስ በርሱ ሲተያይ አስቢው። ከዚያ ዞረው እኔን ነው የሚያዩኝ። "ኦፌሊያ፣ ሸክላውን ማን አዳነው?" ይላሉ። እኔ ምን ልበል? እኔ ውሸት አልችልም፣ ሸክላዬም ትቷል። ስማቸውን ጠርቼ፣ ተነስቼ ቆሜ፣ በሁሉም ፊት ላመሰግናቸው ነው። ከነሚዛናቸው፣ ከነጓንታቸው። ሰው ሁሉ የተጫረ ሸክላውን ተሸክሞ ደጃቸው እንዲሰለፍ ነው የማደርገው። ክበቡ ውስጥ ደግሞ የማያውቃቸው የለም፤ በቀረው ዕድሜያቸው "ሐኪሙ መጡ፣ ሐኪሙ ሄዱ" ነው የሚባሉት። መመስገን የማይወዱ ሰው ይሄን ይችሉታል ትያለሽ? እኔ ለእሳቸው ነው የምጨነቀው።

እርግጥ… በሽታ መቼም ተመልሶ ይመጣል። አይመጣም? የአጎቴ ቁርጥማት ለስንት ዓመት ጠፍቶ አንድ ማክሰኞ ቁጭ ብሎ አገኘው። ሸክላው ከቅዳሜ በፊት ድንገት ሊያገረሽበት ይችላል። እኔ ማለዳ ቤት ነኝ፣ ከሰዓትም ቤት ነኝ። የቤቴ በር አይቆለፍም። አንድ ሰው ደጄ ላይ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አስቀምጦ ቢሄድ "ማነህ" ብዬ መስኮት አልከፍትም። ጤነኛውንም እዚያው ደጅ ላይ አቆይለታለሁ፣ ወስዶ ሌላ በሽተኛ ያድንበት። የኔው በሽተኛ ከመጣልኝ እኔ ስለ ሐኪም አንድ ቃል አልተነፍስም፤ አፌን ቁርጥ ያድርገው።

ሊሄዱ ነው እንዴ ሰውዬው? … ቅሏን መለሱልሽ? "አመሰግናለሁ" ብለው? በማቴ ደንብ በቃኝ ማለት ነዋ፣ ደንቡን ያውቃሉ። አልጠጡትም ግን፣ እይው፣ እንዳለ ነው። ቤታቸው የረሱት ነገር ትዝ ብሏቸው ይሆናል። ይሂዱ፣ ይሂዱ፣ ባለቤታቸው ራቪዮሊ አቅርባ ትጠብቃቸው ይሆናል። ደህና ይዋሉ ጌታዬ! ቅዳሜ እንዳይቀሩብን! ወንበር ፊት ለፊት እይዝልዎታለሁ፣ ከሸክላ ማጫወቻው አጠገብ!

ይኸውልሽ ኤርሲሊያዬ፣ ሰው ሲሄድ ከኋላው መመረቅ ደስ ይለኛል፤ ያንን ሐኪሜንም አብሬ ልመርቃቸው። እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጣቸው፣ መቶ ዓመት ይኑሩ። ሸክላቸው አይጫር፣ ላስቲካቸው አይቀደድ፣ ሚዛናቸው አይዋሽ። ቀናቸው ደርሶ ሲሄዱ ደግሞ ያቺ መልአክ ሚስታቸው በሯ ላይ ብቻዋን አትቁም። ልክ እሳቸው ለኔ እንደደረሱልኝ፣ ከሁሉ ቀድሞ የሚደርስላት፣ አንገቱን ወደ ጎን ዘንበል አድርጎ ረጅም ጊዜ የሚያቅፋት ወዳጅ አያሳጣት። … አሜን በይ እንጂ።